ዕጣው የማን ነው? ስለ ዘር ውርስ፣ ስለ «አጋጣሚ»ና ስለ ቀደር

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ለአድማጮች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉም «አጋጣሚ» የሚለው ነው። ቃሉ ቀላል ቢመስልም በሁለት ቦታ ብዙ ጉዳት ሲያደርስ እናያለን። አንደኛው ቦታ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቻችን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የዘር ለውጥ በአጋጣሚ እንደሚከሰት፣ ልጅም ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው በዕድል እንደሚደርሰው ይማራሉ። ከዚያም «ሁሉም በአጋጣሚ ከሆነ የአላህ ሥራ የቱ ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። ጥያቄያቸውን በቁጣ ከመለስንላቸው ከፊሎቹ ትምህርቱን ይጠሉታል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ትምህርቱን ይዘው ሰላታቸውን ቀስ በቀስ ይተዋሉ። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ቦታ የገዛ ቤታችን ነው። ሴት ልጆችን ብቻ ደጋግማ የወለደች እናት፣ መልኩ ከአባቱ የተለየ ወይም ሕመም ይዞ የተወለደ ሕፃን ያቀፈች እናት «ይህን ከየት አመጣሽው?» ትባላለች። በዚህ ሰበብ የፈረሰ ትዳር፣ ያለ ማስረጃ የተጠረጠረች ሚስት፣ እንደ ቅጣት ተቆጥሮ ከእንግዳ የተደበቀ ልጅ በየሰፈሩ አለ።

እነዚህ ሁለት ጉዳዮች የማይገናኙ ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው ቦታ ለአጋጣሚ የማይገባው ሥልጣን ተሰጠው፤ እንደ ፈጣሪ ተቆጠረ። በሁለተኛው ቦታ ደግሞ አጋጣሚ የሚባል ነገር ጨርሶ ተካደና የግድ አንድ ጥፋተኛ ተፈለገ። ስለዚህ ሳይንሱ «አጋጣሚ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ዲናችንም ስለዚሁ ነገር ምን እንደሚያስተምረን አንድ በአንድ እንመልከት።

ዕጣ ሥርዓት አለው

ስለ ዘር ውርስ የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የተራመደው ግሪጎር ሜንዴል የተባለ፣ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ በሆነችው ብርኖ ከተማ ገዳም የነበረ መነኩሴ ነው። ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን ያጠናውም አተር ላይ ነበር። ክብ ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር አዳቀለ። በመጀመሪያው ትውልድ ክብ ብቻ ወጣ። ያንን ትውልድ እርስ በርሱ ሲያራባው ግን የተጨማደደው ተመልሶ ብቅ አለ። ሜንዴል አንድ በአንድ ቆጠረ፤ 5,474 ክብ፣ 1,850 የተጨማደደ አገኘ። ይህም ሦስት ለአንድ ያህል ነው።

የዚህ ምክንያት ምንድን ነው? እያንዳንዱ ወላጅ ለአንድ ባሕርይ ሁለት ሁለት የዘር መመሪያ አለው። ለልጁ የሚያስተላልፈው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። የትኛው እንደሚተላለፍ እኛ አስቀድመን መናገር አንችልም፤ ለሁለቱም እኩል ዕድል አለ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አንዲት ፍሬ ብቻዋን ስትታይ ምን እንደምትሆን አይታወቅም። ሰባት ሺህ ፍሬ ሲሰበሰብ ግን ሥርዓቱ ወለል ብሎ ይታያል። ዕጣው ራሱ ልክ አለው፤ መስፈሪያ አለው። «ቀደር» የሚለው የዐረብኛ ቃል ሥረ ትርጉሙ መለካት፣ መመጠን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊገርመን አይገባም። አላህ (ሱ.ወ) ነገርን ሁሉ በልክ እንደፈጠረ በሱረቱል ቀመር (54፡49) ነግሮናልና።

የሰው ልጅም በዚሁ መንገድ ይወርሳል። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። ወላጅ ለልጁ ሲያስተላልፍ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ብቻ ይሰጣል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ብናሰላው አንድ ሰው ብቻውን 8,388,608 ዓይነት አሰላለፍ ሊያወጣ ይችላል። የባልና የሚስት አንድ ላይ ሲሰላ ከ70 ትሪሊዮን ይበልጣል። ይህም ክሮሞዞሞቹ እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን ክፍል ሳንቆጥር ነው። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ወንድማማቾች አንዱ ቀይ ሌላው ጠይም፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር የሚሆኑት ለዚህ ነው።

የጽሑፉ ለውጥ

ከዚህ ሌላ ደግሞ የዘር መመሪያው ራሱ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ሳይንቲስቶች ይህን «ሚውቴሽን» ይሉታል። ደረሳ ኪታብ በእጁ ሲገለብጥ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ብዕሩ አንዳንድ ቦታ አንዲት ፊደል ይስታል። የሰው ልጅ የዘር ጽሑፍ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ይህ ሁሉ ሲገለበጥ በእያንዳንዱ አዲስ ልጅ ላይ በእናቱም በአባቱም ያልነበሩ ከ60 እስከ 70 ያህል አዳዲስ ለውጦች ይገኛሉ። አብዛኞቹ ከአባት ወገን የሚመጡ ሲሆን የአባት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ቁጥራቸው ይጨምራል። አብዛኛዎቹ ጉዳትም ጥቅምም የላቸውም። ጥቂቶቹ ይጎዳሉ፤ እጅግ ጥቂቶቹ ይጠቅማሉ።

«ለውጡ በአጋጣሚ ነው» ሲባል ታዲያ ምክንያት የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ምክንያቱ ይታወቃል። በመገልበጥ ጊዜ የሚፈጠር ስሕተት፣ የፀሐይ ጨረር፣ መርዛማ ኬሚካል ሊሆን ይችላል። ኸርማን ሙለር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 የራጅ ጨረር በዝንቦች ላይ የዘር ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል። ሳይንሱ «አጋጣሚ» የሚለው በሌላ ትርጉም ነው። ለውጡ የሚመጣው ፍጡሩ ስለሚያስፈልገው አይደለም፤ መቼና የት እንደሚመጣም እኛ አስቀድመን መተንበይ አንችልም ማለት ነው።

ይህን በሙከራ ያረጋገጡት ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ አለ። ቫይረሱ በተጨመረ ጊዜ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ይተርፋሉ። ጥያቄው፣ የተረፉት ባክቴሪያዎች መቋቋምን የተማሩት ቫይረሱን ካዩ በኋላ ነው ወይስ ከዚያ በፊት ነበራቸው የሚል ነበር። ባክቴሪያዎቹን በብዙ የተለያዩ ብልቃጦች አራብተው ከእያንዳንዱ ብልቃጥ በቫይረሱ ላይ አፈሰሱ። መቋቋምን የሚማሩት ቫይረሱን አይተው ቢሆን ኖሮ ከየብልቃጡ የሚተርፉት ተቀራራቢ ቁጥር በሆኑ ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው። ከአንዱ ብልቃጥ ምንም አልተረፈም፤ ከሌላው ጥቂት፤ ከሌላው ደግሞ እጅግ ብዙ ተረፈ። ይህ የሚሆነው ለውጡ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት፣ በአንዱ ብልቃጥ ቀደም ብሎ፣ በሌላው ዘግይቶ ተከስቶ ከነበረ ብቻ ነው። ሉሪያ ይህ ሐሳብ የመጣለት አንድ ባልደረባው በቁማር ማሽን ሲጫወት ተመልክቶ እንደሆነ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1969 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት መካከል ናቸው።

ሁሉም አጋጣሚ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይኖርብናል። በእኛ ወገን በሚጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች «የዝግመተ ለውጥ ሰዎች ሁሉም ነገር በአጋጣሚ ሆነ ይላሉ፤ ይህ ማተሚያ ቤት ፈንድቶ መዝገበ ቃላት ታትሞ ወጣ እንደማለት ነው» የሚል መከራከሪያ ደጋግመን እናነባለን። ነገር ግን ሳይንቲስቶቹ የሚሉት ይህን አይደለም። ለውጡ በአጋጣሚ ይመጣል ይላሉ፤ ከለውጦቹ መካከል የትኛው እንደሚቆይ የሚወስነው ግን አጋጣሚ ሳይሆን ፍጡሩ የሚኖርበት ሁኔታ ነው። ይህን የተፈጥሮ ምርጫ ይሉታል። ሰውን ያላለውን አስብሎ መርታት ድል አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ (5፡8) የሰዎች ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን አስጠንቅቆናል። ፍትሕ በንግግር ላይም ግዴታ ነው።

የምርጫው አሠራር ከኑሯችን የራቀ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ መድኃኒቱን ለስድስት ወር እንዲወስድ ታዝዞ ሁለት ወር ላይ ሲሻለው ያቆማል። በሰውነቱ ውስጥ ከነበሩት ተሕዋስያን መካከል ቀድሞውኑ ለውጥ ያለባቸውና መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ሳይሞቱ ይቀራሉ፤ ይራባሉ፤ ወደ ቤተሰቡም ይተላለፋሉ። መድኃኒቱ ተሕዋስያኑን ምንም አላስተማራቸውም፤ ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን ለየ እንጂ። ይህን ያወቀ ሰው መድኃኒቱን መጨረስ ለራሱም ለጎረቤቱም አማና መሆኑን ይረዳል።

አጋጣሚ የሚሠራበት ሌላም መንገድ አለ። ዘር ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በብርታት ሳይሆን በአጋጣሚ ነው። ለዚህ ከቡናችን የተሻለ ምሳሌ የለም። የአረቢካ ቡና መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከዚያ ወደ የመን ተሻገረ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር። ከየመን ወደ ጃቫ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የተክል ቦታ ተወሰደ፤ ከዚያ የተገኘ አንድ ተክል በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። በላቲን አሜሪካ ለረጅም ዘመን የለማው ቡና ብዙው የእነዚያ የጥቂት ዛፎች ዘር ነው። እነዚያ ዛፎች የተወሰዱት ከሁሉም ስለሚበልጡ አልነበረም፤ በተጓዡ እጅ የገቡት እነርሱ ስለነበሩ እንጂ። የደኑ ሀብት ግን እዚሁ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት በሽታ በዛሬዋ ስሪላንካ ሲነሳ እርሻዎቹ ተመሳሳይ ዘር ስለነበሩ የሚቋቋም አልተገኘም፤ አገሪቱም ፊቷን ወደ ሻይ አዞረች። ዛሬም የዓለም የቡና ተመራማሪዎች በሽታ የሚቋቋም ዘር ሲፈልጉ ወደ እኛ ደኖች የሚመለከቱት ለዚህ ነው።

ቁርአን ስለ ዕጣ ምን ያስተምረናል?

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በዕጣ የሆነ ነገር ከአላህ ቀደር ውጭ ነውን?

ቁርአንን የሚያነብ ሰው መልሱን አያጣውም። ነቢዩ ዩኑስ (ዐ.ሰ) በተጫነችው መርከብ ላይ ሳሉ ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣውም በእርሳቸው ላይ ወጣ፤ ወደ ባሕር ተጣሉ (37፡139-142)። ለመርከቧ ሰዎች ያ ዕጣ አጋጣሚ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ዘንድ ግን ዓሣው፣ ጨለማው፣ ተስቢሑና መዳኑ የታወቀ ነበር። መርየምን (ዐ.ሰ) ማን ያሳድጋት በሚል የዘመኑ ሰዎች ብዕሮቻቸውን በዕጣ ጣሉ (3፡44)፤ አሳዳጊነቱም ለዘከሪያ (ዐ.ሰ) ደረሰ። ብዕር የጣሉት ሰዎች ውጤቱን አያውቁም ነበር፤ አላህ ግን ያውቀው ነበር።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱናም ይህንኑ እናገኛለን። ለጉዞ ሲነሱ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ያወጡ እንደነበር፣ ዕጣ የወጣላትም አብራቸው ትጓዝ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። በአንድ ዘመቻ ዕጣው ለእርሳቸው ወጣ። በመልሱ ጉዞ ላይ በጠፋው የአንገት ጌጥ ምክንያት ወደኋላ ቀሩ፤ ሙናፊቆች ስማቸውን አጠፉ፤ ከአንድ ወር ገደማ ጭንቀት በኋላም ንጽሕናቸውን የሚያውጁ የሱረቱ ኑር አንቀጾች ወረዱ። እስከ ቂያማ የሚነበብ፣ የሙስሊም ሴትን ክብር የሚጠብቅ ሕግ የወረደው ከአንዲት ዕጣ በተነሳ ጉዞ ሰበብ ነው። እንግዲህ ዕጣ የአላህ ሥራ የማይደርስበት ቦታ ነው ማን ሊል ይችላል?

በሌላ በኩል አላህ (ሱ.ወ) ቁማርንና በቀስት ዕጣ ማወቅን ከልክሎናል (5፡90)። ልዩነቱ ምንድን ነው? ቁማርተኛው ዕጣን የሰው ገንዘብ ያለ አግባብ መውሰጃ ያደርገዋል። በቀስት የሚጠነቁለው ደግሞ ዕጣውን የሩቅ ሚስጥር አዋቂ ያደርገዋል። ስለዚህ የተወገዘው ዕጣን አላግባብ ሥልጣን መስጠት ነው። ዕጣ አያውቅም፤ አይወስንም፤ አይፈጥርም። ቅጠል እንኳን ያለ አላህ ዕውቀት እንደማትወድቅ በሱረቱል አንዓም (6፡59) ተነግሮናል። የዘር ፊደልም ከቅጠል የምታንስ እንጂ ከዚያ ዕውቀት የምታመልጥ አይደለችም።

ከዚህ በመነሳት «አጋጣሚ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው እንገነዘባለን። አንደኛው «እኛ አስቀድመን አናውቀውም፤ የፍጡሩንም ፍላጎት ተከትሎ አይመጣም» የሚል ነው። ይህ በብልቃጥና በቁጥር የተረጋገጠ የሳይንስ ቃል ነው፤ ሙስሊም ሊቀበለው ምንም የሚያግደው የለም። ሁለተኛው «ማንም አያውቀውም፤ ማንም አልፈለገውም» የሚል ነው። ይህ ደግሞ የትኛውም ማይክሮስኮፕ ሊያየው የማይችል፣ የእምነት ቃል ነው። ዣክ ሞኖ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 በዘር ጥናት የኖቤል ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሳይንቲስት ነበር። በ1970 ባሳተመው «አጋጣሚና ግዴታ» በተሰኘው መጽሐፉ ግን ከመጀመሪያው ትርጉም ተነስቶ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ያንን ድልድይ የሠራው ሳይንቲስቱ ሞኖ ሳይሆን ፈላስፋው ሞኖ ነው። ተማሪዎቻችን ሊያውቁት የሚገባው ይህንን ነው፤ መምህሩ ስለ ባክቴሪያ የሚነግራቸውን ይማሩ፤ ስለ ፈጣሪ አለመኖር የሚነግራቸው ካለ ግን ማስረጃው ያው የባክቴሪያው ሙከራ አለመሆኑን ይወቁ።

የሰው ልጅ አባት አደምን (ዐ.ሰ) አላህ (ሱ.ወ) ከአፈር እንደፈጠረው በወሕይ የተነገረን ነው፤ በዚህ እናምናለን። ስለ ሌሎች ፍጥረታት አመጣጥ ሳይንቲስቶች በሚሉት ላይ የዘመናችን ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው፤ ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። በዓይን የሚታየውን የዘር ለውጥ መካድ ግን ለማንም ኢማን አይጨምርም።

በቤታችን ውስጥ

አሁን ደግሞ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችን እንግባ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ከበኒ ፈዛራ ጎሣ የሆነ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ተናገረ። በልቡ ጥርጣሬ ነበር። እርሳቸው አልተቆጡትም፤ ግመሎች እንዳሉት ጠየቁት። አሉኝ አለ። መልካቸውን ጠየቁት፤ ቀይ ናቸው አለ። በመካከላቸው አመድማ መልክ ያለው አለን ሲሉት አለ አላቸው። ያ ታዲያ ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁት ምናልባት ከጥንት የዘር ሐረግ ስቦት ይሆናል አለ። ልጅህም እንዲሁ ሊሆን ይችላል አሉት። ልጁን እንዲክድም አልፈቀዱለትም።

በአማርኛችን «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። ሜንዴል አተር ቆጥሮ ያገኘው፣ ተደብቆ የኖረ ባሕርይ በሌላ ትውልድ ተመልሶ ብቅ ማለቱ፣ ለዚያ ግመል ጠባቂ በገዛ መንጋው ውስጥ የሚታይ ነገር ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰውየውን ከሚያውቀው ነገር ተነስተው ወደማያውቀው ወሰዱት፤ የአንዲት ሴትን ክብርና የአንድ ሕፃንን ነሰብም ጠበቁ። በመልክ ብቻ ሚስቱን የሚጠረጥር ሰው መልሱ ከተሰጠ ከ1400 ዓመታት በላይ ሆኖታል።

ሴት ልጅ መውለድንም እንመልከት። ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1905 የፆታን ምንነት የሚወስነው ከወንዱ የሚመጣው ክሮሞዞም መሆኑን በጥንዚዛ ላይ ባደረገችው ጥናት አሳየች። በሰውም እንዲሁ ነው። ከእናት የሚመጣው ሁልጊዜ ኤክስ ነው፤ ከአባት የሚመጣው ኤክስ ከሆነ ሴት፣ ዋይ ከሆነ ወንድ ይሆናል። አባትም ቢሆን የትኛው እንደሚሄድ አይመርጥም። ታዲያ «ወንድ አልወለድሽልኝም» ብሎ ሚስቱን የሚፈታ ሰው ምን ይባላል? አላህ (ሱ.ወ) ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻው ወንዶችን እንደሚሰጥ በሱረቱ ሹራ (42፡49) ነግሮናል። የሴት ልጅ ብሥራት ሲነገረው ፊቱ የሚጠቁረውንም የጃሂሊያ ሰው አውግዞታል (16፡58)።

ሕመም ይዞ የሚወለድ ልጅስ? ሲክል ሴል የተባለውን የደም ሕመም እንውሰድ። መነሻው በዘር ጽሑፉ ውስጥ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ እንዲያውም ከባድ ወባ እንዳይጥለው ይከላከልለታል። ይህንን አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ከምሥራቅ አፍሪካ ባገኘው ማስረጃ አሳይቷል። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ልጅ ግን በጽኑ ይታመማል። ያችው አንዲት ፊደል በአንዱ ቤት ጋሻ፣ በሌላው ቤት ፈተና ሆነች። ከዚህ በላይ ሂክማው ለእኛ ያልተገለጠ መሆኑን የሚያሳይ ምን አለ?

ባልና ሚስት ሁለቱም የዚህ ለውጥ ተሸካሚ ቢሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽታውን የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። «በእያንዳንዱ» የምትለዋን ቃል አጥብቀን እንያዛት። ዕጣ ያለፈውን አያስታውስም። ሦስት ጤነኛ ልጆች የወለዱ ወላጆች «አራተኛው ተራው ነው» ብለው ሊፈሩ አይገባም፤ አንድ የታመመ ልጅ ያላቸውም «ድርሻችንን ጨርሰናል» ሊሉ አይችሉም። ሦስት ልጆች በተከታታይ የመታመማቸው ዕድል ከ64 አንድ ነው። ጥቂት ነው፤ ግን የሚደርስባቸው ቤተሰቦች አሉ። እነዚህን ቤተሰቦች ጎረቤት «እርግማን አለባቸው» ይላቸዋል። እርግማን አይደለም። ነቢያት በልጆቻቸውና በአካላቸው እንደተፈተኑ የምናውቅ ሕዝቦች ፈተናን እንደ ቅጣት ልንቆጥረው አይገባም። በዚህ ዓይነት ሕመም ለውጡ ከሁለቱም ወገን የመጣ ስለሆነ «በእሷ ዘር ነው» የሚል ባል ራሱን አላየም። በዳውን ሲንድረም የተወለደም ልጅ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከማንም የወረሰው አይደለም፤ ክሮሞዞሞች ሲከፋፈሉ አንድ ተጨማሪ ስለገባ ነው።

እንግዲህ «ሁሉም በቀደር ከሆነ ምርመራ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሊመለሱ በወሰኑ ጊዜ ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን ተብለው ተጠይቀዋል። መልሳቸውም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ የሚገልጽ ነበር። ዕጣው በእጃችን አይደለም፤ ሰበቡ ግን በእጃችን ነው።

የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ማግባት በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው፤ በአንዳንድ ማኅበረሰቦቻችንም የተለመደ ነው። የተፈቀደውን አንከለክልም። የአጎት ልጆች ግን ከዘር ጽሑፋቸው አንድ ስምንተኛው የጋራቸው ስለሆነ ተመሳሳይ ስውር ለውጥ የመሸከም ዕድላቸው ከሌላው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ ስለተወለዱ ሕፃናት የወጣ ጥናት፣ ከአፈጣጠር ጉድለት ጋር የመወለድ ዕድል ከ100 ሕፃናት ሦስት ከሆነው በዘመዳሞች ጋብቻ ወደ ስድስት ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እጥፍ መሆኑን አንዘንጋ፤ ከ100 ዘጠና አራቱ ከዚህ ነፃ ሆነው መወለዳቸውንም አንዘንጋ። የተፈቀደ ማለት የታዘዘ ማለት አይደለም። በተለይ በቤተሰቡ ውስጥ የሚደጋገም ሕመም ካለ ከኒካሕ በፊት ሐኪም ማማከር ብልህነት ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ ለሲክል ሴልና ለታላሲሚያ ከጋብቻ በፊት መመርመርን እ.ኤ.አ. በ2004 ግዴታ አድርጋለች፤ ውጤቱን አይቶ መወሰን ግን ለተጋቢዎቹ የተተወ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለማጠቃለል ያህል፦ ተማሪ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ «አጋጣሚ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እንዳይደነግጡ አስተምሯቸው። ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁን በማታውቁትና በማይመርጡት ነገር አትጠይቋቸው። አማቶችም ምላሳችሁን ጠብቁ። የታመመ ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የአላህ አማና ነው። ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ለጎረቤት አሳዩት፤ በስሙ ጥሩት፤ ከእኩዮቹ ጋር ወደ መድረሳ ላኩት። በአንድ ቤት የወጣው ዕጣ በሌላውም ሊወጣ ይችል ነበርና ሸክሙን መካፈል የሁላችንም ግዴታ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ በቤታችን ፍትሕንና ርኅራኄን ያኑር፤ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለፈተና የበቁ ቤተሰቦችንም ሰብር ይስጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።